ከጣሪያ ወደ መሠረት፦ አሮጌ ቤት ያለ ጉዳት የሚፈርስበት መንገድ

ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ስለ አዲሱ ቤት ብዙ ያስባል። ፕላን ያሠራል፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይጠይቃል፣ ግንበኛ ያማርጣል። በቦታው ላይ የቆመው አሮጌ ቤት ግን «እሱማ በሁለት ቀን ይወርዳል» ይባልና ዲጂኖ ለያዙ አራት የቀን ሠራተኞች ይተዋል። በግንባታ ቁጥጥር ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ልቤ ተሰቅሎ የዋለው ከፍ ያለ ሕንፃ ስናሠራ አልነበረም፤ አሮጌ ስናፈርስ ነበር። የሚሠራ ቤት ቀን በቀን እየጠነከረ ይሄዳል። የሚፈርስ ቤት በእያንዳንዱ ምት ይደክማል፤ ሰዎቹ ደግሞ እዚያው ውስጥ ወይም ላዩ ላይ ናቸው።

ይህን የምጽፈው የጭቃ ቤት፣ የድንጋይ ግንብ ቤት ወይም ጂ ፕላስ 1 እና ጂ ፕላስ 2 የሆነ የአርማታ ቤት ለማፍረስ ላሰቡ ባለቤቶች ነው። ከዚህ በላይ ፎቅ ያለው፣ ምድር ቤት ያለው ወይም ቀድሞውኑ የተሰነጠቀና ያዘነበለ ሕንፃ ከሆነ የስትራክቸር መሐንዲስ በጽሑፍ ያዘጋጀው የማፍረስ ዕቅድ ሳይኖር ማንም ሰው መዶሻ እንዲያነሣ አይፍቀዱ።

ቤቱ በምን እንደ ቆመ ይወቁ

ማፍረስ የሚጀመረው በዓይን ነው። ቤቱን ዞረው፣ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ጣሪያው አንገትዎን አስገብተው አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ምንን ተሸክሟል? በአርማታ ቤት ክብደቱ ከሶሌታ ወደ ቢም፣ ከቢም ወደ ኮለን ይወርዳል፤ የብሎኬት ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ መሙያ ነው። በድንጋይ ግንብ ቤት ግን ተሸካሚው ግድግዳው ራሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በፊት ከተሠሩት የአዲስ አበባ ቤቶች መካከል የዚህ ዓይነቶቹ ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ የውስጥ ግድግዳ ቀድሞ ከተነሣ የላዩ ወለል ወይም ጣሪያው ማረፊያ ያጣል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነና በማዕዘኖቹ ላይ ኮለን ካላዩ ተሸካሚ ነው ብለው ይነሡ።

የጭቃ ቤት ሌላ ነገር ነው። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ግንብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃም ነው። ቤቱን የሚያቆመው ቋሚው መሬት የገባበት ሥር ነው፤ ምስጥና እርጥበት አስቀድመው የሚበሉትም ያንኑ ነው። ከመሬት አጠገብ ልስኑን በትንሹ ሰበር አድርገው እንጨቱን በካቻቪቴ ይውጉት። ካቻቪቴው ያለ ትግል ከገባ ቋሚው በስብሷል። ያ ግድግዳ እስከ ዛሬ የቆመው ጣሪያው አናቱን ስለያዘለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ክብደቱን ደግሞ አይናቁት። 3 ሜትር ቁመትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ አንድ ሜትር ርዝመቱ ብቻ ወደ 10 ኩንታል ሊመዝን ይችላል። ጭቃ ነው ብሎ ትከሻውን የሚያስጠጋ ሠራተኛ ይህን አያውቅም።

በተለይ መመርመር ያለበት በየዘመኑ የተቀጠለው ነው። ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ተነሥቶ በምትኩ ብረት ገብቶ ይሆናል፤ ለአንድ ፎቅ በተሠራ መሠረት ላይ ሌላ ክፍል ተጭኖ ይሆናል። እንዲህ ያለው ለውጥ ፕላኑ ላይ አይገኝም። በቤቱ ረጅም ጊዜ የኖሩትን ሽማግሌ ወይም እናት አጠገብዎ አስቀምጠው «ይህ ክፍል መጀመሪያ ነበር ወይ? እዚህ ጋ ምን ነበር?» እያሉ ይጠይቁ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ መሐንዲስ በቀን ሙሉ ምርመራ የማያገኘውን ያወጣል።

ወረቀትና ጎረቤት

ለማፍረስም እንደ መሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው በክፍለ ከተማዎ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ነው። ቤቱ ዕድሜ ጠገብ ከሆነ በቅርስነት መመዝገቡን አስቀድመው ቅርስን ከሚከታተለው የከተማው ቢሮ ያረጋግጡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለተመዘገበ ቅርስ ጥበቃ ይሰጣል፤ አንዴ የወረደ የእንጨት በረንዳ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ተመዝግቦ ከሆነ ይጠገናል እንጂ አይፈርስም።

ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጎረቤትን ነው። ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት በሁሉም ወገን ያሉ ጎረቤቶችን ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። «እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ እናፈርሳለን፤ ልጆቹን በዚህ በኩል እንዳያሳልፏቸው፤ ግድግዳዎን ደግሞ አብረን እንየው» ይበሉ። ከዚያ አብራችሁ ዞራችሁ በግድግዳቸው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑ ይመዝገብ፤ አንድ ቅጂ እነሱ ዘንድ ይቀመጥ። በዋና ዋናዎቹ ስንጥቆች ላይ በስስ የተበጠበጠ ጀሶ እንደ ፕላስተር አግድም ለጥፈው ቀን ይጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው በጥቂቱም ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ይህ ርካሽ ምልክት ለጎረቤቱ ደኅንነት ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ለእርስዎም «ይህ ስንጥቅ ቀድሞም ነበረ» ለማለት ማስረጃ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ባለቤትን ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። «ያፈረሰው ተቋራጩ ነው» የሚለው ምላሽ ብቻውን ነፃ እንደሚያወጣዎት አድርገው አይቁጠሩ።

መብራት፣ ውሃ፣ ጉድጓድ

መብራቱ የሚቆረጠው ከምሰሶው ላይ ነው። ቆጣሪውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው፤ ጣሪያ የሚያወርደው ልጅ ደግሞ እጁ የሚደርሰው እዚያው ጋ ነው። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክተው ባለሙያ መጥቶ እስኪያነሣው ይጠብቁ። ሠፈራችን ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሳበ መስመር ብዙ ነው፤ የእርስዎ ቢቆረጥም በግድግዳዎ ውስጥ የጎረቤት መስመር ሊያልፍ ይችላል። የስልክና የዲሽ ገመዱንም ያስነሡ። ውሃውን ግን ሙሉ በሙሉ አይዝጉት፤ ወደ ቤቱ የሚገባውን ዘግተው ከቆጣሪው አጠገብ አንድ ቧንቧ ይተው። ለአቧራ ያስፈልግዎታል።

የሽንት ቤቱን ጉድጓድና የሴፕቲክ ታንኩን ጉዳይ ሥራው ሳይጀመር ይጨርሱ። ቦታው የት እንደሆነ ያግኙ፣ በቦቴ ያስመጥጡት፣ ክዳኑን ከፍተው ያናፍሱት፣ ዙሪያውን ያጥሩት። ማንም ሰው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። እዚያ የሚከማቸው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፤ አንዱ ሲወድቅ ለማዳን ዘሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰውም አብሮ ይቀራል። ገልባጭ መኪና ወይም ኤክስካቫተር የሚገባ ከሆነ ደግሞ የጉድጓዱ ክዳን ያንን ክብደት አይችልም፤ መንገዱ በሌላ በኩል ይሁን።

ውሉን እንዴት ይዋዋሉ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው አደጋ ከመዶሻው በፊት እዚህ የሚወለድ ይመስለኛል።

በከተማችን የተለመደው ውል «ፍርስራሹን ውሰድ፣ ቦታውን አጽዳልኝ» የሚል ነው። አንዳንዴም አፍራሹ ገንዘብ ጨምሮ ለባለቤቱ ይከፍላል። ለባለቤቱ መልካም ይመስላል። ለአፍራሹ ግን ቤቱ ከእንግዲህ የፌሮ፣ የቆርቆሮ፣ የሞራሌና የመስኮት ክምር ነው፤ ትርፉ ያለው ብረቱን ቶሎ አውጥቶ የአሮጌ ብረት ገበያው ምናለሽ ተራ በማድረስ ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱን በፈረሳ ቅደም ተከተል ከማውረድ ይልቅ የሚሸጠውን ነገር ቀድሞ ይስባል። የሚሸጠው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱን የያዘው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2013 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ የደረሰው ይኸው ነው። በመፍረስ ላይ የነበረ ሕንፃ የውስጥ የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ለሽያጭ እየተባሉ ቀድመው ተነቀሉ፤ ባለ አራት ፎቅ ቁመት ያለው የግንብ ግድግዳ የሚይዘው ነገር ሳይኖር ብቻውን ቆመ። ግድግዳው ተገልብጦ ሰዎች ልብስ በሚሸምቱበት አጠገቡ ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ ላይ ወደቀ። በአደጋው 7 ሰዎች ሞቱ። ተቋራጩና ኤክስካቫተሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ኦፕሬተር ታስረዋል። የሞቱት ሰዎች ከፍርስራሹ ሽያጭ አንድ ሳንቲም የማይደርሳቸው ገበያተኞችና የሱቁ ሠራተኞች ነበሩ።

ስለዚህ የሥራውን ክፍያ ከፍርስራሹ ሽያጭ ይለዩት። ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ይክፈሉ፤ ፍርስራሹ በስምዎ ይሸጥ፣ ወይም ሥራው ካለቀ በኋላ ይሰጥ። ውሉ ላይ የማፍረስ ቅደም ተከተሉ ይጻፍ፤ ሥራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይከልከል፤ ለሠራተኞቹ የአደጋ ኢንሹራንስ ይገባ። ሄልሜት፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጓንትና መነጽር ዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ ይግባ፤ ካልተቆጠረ አይገዛም። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆችን ደግሞ በቦታው ላይ አያስጠጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጣት ሠራተኞችን ለአደገኛ ሥራ ማሰማራትን ይከለክላል፤ ይህ ሥራም አደገኛ ነው።

የሚወርድበት ቅደም ተከተል

መርሁ አንድ ነው፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ቤቱ ከመሠረት ወደ ጣሪያ እንደተሠራ ሁሉ ከጣሪያ ወደ መሠረት ይወርዳል። የላይኛው ፎቅ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ የታችኛው አይነካም።

መጀመሪያ የሚወጣው ቀላሉ ነው። መስታወት ከሁሉ ቀድሞ ይነሣ፤ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ተሰብሮ ከላይ የሚዘንበው እሱ ነው። ከዚያ በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ ሽቦና ቧንቧ። የደረጃው መደገፊያና የበረንዳው መከለያ ግን ሰው የሚመላለስበት እስከሆነ ድረስ ይቆይ። ከእያንዳንዱ እንጨት ላይ ምስማሩ እዚያው ይነቀል። ነገ እነቅለዋለሁ ተብሎ የተጣለ ሳንቃ በእግር ውስጥ ይገባል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ሠራተኛ ካለም አስቀድሞ ይከተብ።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው ቆርቆሮውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን እንጨት ነው፤ በተሻለ ሁኔታ ደግሞ አግድም የተዘረጋ ጠንካራ ሳንቃ ወይም መሰላል። የዛገ ቆርቆሮ ክብደት አይሸከምም። የአናቱ ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮው ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ይነቀል፤ በገመድ ይውረድ እንጂ አይወርወር፤ ነፋስ ሲይዘው የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ቆርቆሮው ካለቀ በኋላ ሞራሌው፣ ከዚያ የጣሪያው ማዕቀፍ አንድ በአንድ ይወርዳል። እርስ በርስ የሚያያይዟቸው እንጨቶች በአንድ ጊዜ ከተነቀሉ ማዕቀፎቹ ተከታትለው ይወድቃሉ፤ ስለዚህ የሚወርደው ብቻ ይፈታ፣ የቀሩት እንደተያያዙ ይቆዩ።

ጣሪያው ከተነሣ በኋላ ያለችው ሰዓት አስጊ ናት። ግድግዳው አናቱ ላይ የያዘው ነገር የለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከአንድ ፎቅ በላይ ቁመት ያለው ግድግዳ በጎን ሳይደገፍ ብቻውን እንዲቆም አይፈቅድም፤ በመጀመሪያም እንዲያ እንዲቆም ተደርጎ ካልተሠራ በቀር። ለደከመ የጭቃ ግድግዳ እኔ አንድ ፎቅም በዛ እላለሁ። በሁለቱም ወገን የባሕር ዛፍ አጣና በሰያፍ ይደገፍ፤ ያን ቀን የሚወርደውን ያህል ብቻ ጣሪያ ይነሣ።

የጭቃ ግድግዳ ከላይ ጀምሮ ይራገፋል። ሠራተኞቹ በእስካፎልዲንግ ላይ ሆነው ጭቃውን በማገሮቹ መካከል ወደ ውስጥ እያራገፉ ይወርዳሉ። አናቱ ላይ ቋሚዎቹን የሚያያይዘው አግድም እንጨት እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ጭቃው ካለቀ በኋላ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። በፍጹም መደረግ የሌለበት፣ ነገር ግን በየሠፈሩ የማየው፣ ሥሩን በዲጂኖ ፈልፍሎ መግፋት ነው። ፈጣን ነው፤ የመጨረሻውን ምት የሚመታው ሰው ግን ግድግዳው ወዴት እንደሚያዘነብል አይመርጥም። ከዓመታት በፊት በተቆጣጠርኩት አንድ ሥራ ጠዋት ሥሩ የተፈለፈለ ግድግዳ ሳይጣል ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሠራተኞቹ በጥላው ተቀምጠው ይበሉ ነበር። አንዱ ውሃ ሲጠራ ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ሳህኖቹ ከሥሩ ቀሩ። የግድግዳው ሥር ሲፈለፈል አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥር የሚፈለፍል ሰው ካየሁ ሥራውን አስቆማለሁ።

የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳም በተመሳሳይ ረድፍ በረድፍ ከላይ ይወርዳል፤ ማንም ሰው በግድግዳው አናት ላይ አይቁም። የመንገዱ ወገን ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይፍረስ።

የጋራ ግድግዳ

በአሮጌ ሠፈሮቻችን ሁለትና ሦስት ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ተደግፈው ይኖራሉ። የእርስዎ ሲነሣ የጎረቤትዎ ጣሪያ እንጨት የሚያርፍበት ግድግዳ ብቻውን ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የጋራው ግድግዳ አይነካም። ከእርስዎ ወገን ወደ እሱ የገቡት እንጨቶች አይሳቡም፤ ግድግዳውን ይዘው ይመጣሉና። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀው በመጋዝ ይቆረጡ፣ ጉራጁ እዚያው ይቅር። በእርስዎ ወገን አጣናዎች በሰያፍ ይቁሙ፤ ታችኛው ጫፋቸው በተቀበረ ችካል ይያዝ። እስከ ትናንት የቤት ውስጥ የነበረው የግድግዳ ፊት ዝናብ አያውቅም፤ በዚያው ዕለት በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ሸራ ይሸፈን፣ ሥሩም ውሃ እንዳያቁር ቦይ ይውጣለት። አንድ ሌሊት የዘነበበት የጭቃ ግድግዳ ጠዋት ሌላ ግድግዳ ነው። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል ውስጥ ሰው እንዳይተኛ ጎረቤትዎን ይለምኑ፤ ከተቻለም ለእነዚያ ቀናት ማደሪያ ይፈልጉላቸው።

አርማታ ቤት ከሆነ

በሶሌታ ላይ ፍርስራሽ አይከመርም። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ ታስቦ የሚጫንበት የሰውና የዕቃ ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ግራም ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬትና የኮንክሪት ፍርስራሽ በካሬ 750 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ላዩ ፎቅ ላይ ግድግዳ አፍርሰው «ሲበዛ በአንዴ እናወርደዋለን» የሚሉ ሰዎች ወለሉን ይዘው የሚወርዱት በዚህ ስሌት ነው። ፍርስራሹ በየዕለቱ በተዘጋ ማውረጃ ቧንቧ ወይም ለዚሁ በተከፈተ ቀዳዳ ይውረድ። ቀዳዳው ከወለሉ ስፋት ሩብ መብለጥ የለበትም፤ ዙሪያው ይታጠር፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ይዘጋ።

ሶሌታው ከመሰበሩ በፊት ከሥሩ ይደገፍ። ሰባሪው የሚቆመው ገና ባልተነካው ክፍል ላይ፣ ጀርባው ወደ መውጫው ሆኖ ነው። ኮንክሪቱ ሲረግፍ ፌሮው ብቻ ይቀራል፤ ቁርጥራጩ በብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ስለሚችል ከሥሩ ማለፍ አይገባም። ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ በረንዳ ካለ ከዚያው ፎቅ ሶሌታ ቀድሞ ይሰበር። በረንዳው በአየር ላይ የቆመው ከኋላው ያለው ሶሌታ ስለያዘው ነው፤ የኋላው ከቀደመ ከነሰባሪው ይገለበጣል።

ቢሞቹ ተደግፈው ከወረዱ በኋላ ኮለኑ ይመጣል። 30 በ30 የሆነ ባለ 3 ሜትር ኮለን ወደ 7 ኩንታል ይመዝናል። ሽቦ ገመድ አናቱ ላይ ይታሰራል፤ ከሥሩ ኮንክሪቱ ተፈልፍሎ ፌሮው ይጋለጣል፤ በውጭ ወገን ያለው ፌሮ ተቆርጦ በሚወድቅበት በውስጥ ወገን ያለው እንደ ማጠፊያ ይተዋል። ከዚያ ከኮለኑ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ ሆኖ ይሳባል፤ የሚወድቅበት ወለል ከሥሩ ይደገፋል፣ ላዩ ላይ አሮጌ ጎማ ይደረደራል። ገመዱ ሳይታሰር ፌሮ አይቆረጥም። ፎቁ ላይ ሥራ እስካለ ድረስ ደረጃው አይነካም፤ መውጫቸው እሱ ነው።

ማሽን ሲገባ

ኤክስካቫተር ሰውን ከግድግዳው ያርቃል፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን አይሽርም። እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2021 በደቡብ ኮሪያ ጉዋንግጁ ከተማ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲፈርስ ማሽኑ ላይኛው ፎቅ እንዲደርስ ከኋላ በኩል አፈር ተቆልሎለት ነበር። የታችኛው ክፍል ከኋላ ተቦርቡሮ፣ የአፈሩ ክምርም ተጭኖት ሳለ ሕንፃው ወደ መንገዱ ተገለበጠ። ፌርማታ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ከነበሩት 17 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። ሥራው ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ክፍያው እጅግ ቀንሶ እንደነበርም ምርመራው አሳይቷል። ማሽን የሚደርስበት ቁመት ከቤቱ ቁመት ካነሰ የላይኛው በእጅ ይውረድና ማሽኑ ከዚያ ይግባ። ኦፕሬተሩን በዓይን የሚመራ አንድ ጠቋሚ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ይቁም፤ ከቤቱ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ውስጥ ማሽኑ ሲሠራ ሰው አይግባ። ያን ያህል ቦታ ከሌለዎት፣ በአብዛኛው ሠፈሮቻችንም የለም፣ በእጅ ማፍረስ ይሻላል። መንገድ የሚዋሰን ከሆነ ለዚያች ሰዓት መንገዱ እንዲዘጋ ትራፊክ ፖሊስን ይጠይቁ።

ፈንጂስ? የሚል አለ። ለመኖሪያ ሠፈር የሚታሰብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1997 በአውስትራሊያ ካንቤራ አሮጌ ሆስፒታል በፈንጂ ሲፈርስ ሕዝብ እንዲመለከት ተጋብዞ ነበር፤ ከ400 ሜትር በላይ ርቃ በሐይቁ ማዶ የቆመች የ12 ዓመት ልጅ በተስፈነጠረ ብረት ሞተች።

አቧራና አስቤስቶስ

የኮንክሪት፣ የብሎኬትና የድንጋይ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ቀስ በቀስ ያቆስላል፤ ሕመሙ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። የሚሰበረው ነገር እየተሰበረ ሳለ በውሃ ይረጭ። በሶሌታ ላይ ግን ውሃ እንዲቋጥር፣ የጭቃ ግድግዳም እንዲርስ አይደረግ። ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅ አቧራውን አያግድም፤ ቢያንስ ኤን-95 ማስክ ያስፈልጋል።

ጣሪያው ግራጫ፣ ወፍራምና ሞገደኛ የሲሚንቶ ክዳን ከሆነ አስቤስቶስ ያለበት ነው ብለው ይያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ ያስታውቃል፤ በሽታው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ይመጣል። አይሰበር፣ በመጋዝ አይቆረጥ፣ አይጠረግ። ጥቂት ሳሙና በገባበት ውሃ ረጥቦ ማሠሪያው ተፈትቶ ሳይሰበር ይውረድ፤ በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ምልክት ይደረግበት። ለዚህ ኤን-95 አይበቃም፤ ፒ-3 ደረጃ ማጣሪያ ያለው መከላከያ ነው የሚጠቅመው። የሚጣልበትን ቦታ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ለቆራሌው አይሰጥ፣ ለዶሮ ቤት ክዳንም አይሁን።

ቀኑ ሲመሽ፣ ሥራው ሲያልቅ

ወቅቱን ይምረጡ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናብ ከጀመረ ሥራው ይቁም፤ ካቆመ በኋላም ጠዋት ግድግዳዎቹ ሳይመረመሩ ማንም አይግባ።

በየማታው ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ፎርማኑ አንድ ዙር ይዙር። ግማሽ የተነቀለ፣ የተንጠለጠለ ወይም ሥሩ የተነካ ነገር ሳይወርድ ቀኑ አያልቅም። አጥሩ ከቆርቆሮ ይሁን፣ ቀዳዳ አይኑረው፤ ዘበኛ ያድር። ልጆች ብረት ሊለቅሙ የሚመጡት ሥራ በሌለበት በእሑድ ነው። የእሳትና ድንገተኛ አደጋው 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አጥሩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው።

ከፍርስራሹ ብዙ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። የድሮ የጥድና የዝግባ እንጨት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ የተጠረበ ድንጋይ ለአጥርና ለመሠረት ይሆናል። ታጥፎ የተቃና አሮጌ ፌሮ ግን ለአዲሱ ቤት ኮለንና ቢም አይግባ፤ ሲታጠፍና ሲቃና ጥንካሬው ተጎድቷል። ፍርስራሹን ለሙሌት ሲጠቀሙ እንጨት፣ ጭድና ጀሶ ተለይቶ ይውጣ፤ እንጨቱና ጭዱ ሲበሰብሱ አዲሱ ወለል ይሰምጣል።

በመጨረሻ የሚወጣው መሠረቱ ነው። ከጎረቤት ግድግዳ ጎን ያለውን በአንድ ጊዜ ቆፍረው አያውጡት። ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ ክፍል ይከፈት፣ ይውጣ፣ ወዲያው ይሞላና ይጠቅጠቅ፤ ከዚያ ጥቂት ዘልሎ ሌላው ይከፈት። የጎረቤት መሠረት ከእርስዎ ያነሰ ጥልቀት ካለው አሮጌውን እዚያው መተው ይሻላል፤ መሐንዲሱ ይወስን። ቦታው ከጸዳ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት በየሳምንቱ ወደ ጎረቤትዎ ጎራ ይበሉና የለጠፉትን ጀሶ ይዩት። ተሰንጥቆ ካገኙት አዲሱን ቁፋሮ አይጀምሩ፤ ፎቶውን አንሥተው መሐንዲሱን ይጥሩ።